አራት ማየሮች፤ ዘመዳሞች ናቸው እንዴ?

ስለ ጀርመን የቤተሰብ ስሞች ከደረሱን ጥያቄዎች መካከል «ማየር» የሚለው ስም ደጋግሞ ስለመጣ አራት ደብዳቤዎችን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሃኖቨር አቅራቢያ ነው። ባለቤቴ ጀርመናዊ ነው፣ የቤተሰቡ ስም ማየር ይባላል። የምሠራበት ቦታ ደግሞ ሌሎች ሦስት ማየሮች አሉ። ሲጠራ ያው አንድ ነው፣ ሲጻፍ ግን አራቱም ይለያያሉ። ዘመዳሞች ናችሁ ወይ ብዬ ስጠይቅ ሳቁብኝ። አማቴ «ማየር ማለት ከንቲባ ማለት ነው» ይላሉ፤ ባለቤቴ ደግሞ «ገበሬ ማለት ነው» ይላል። ማንን ልመን?

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለቱም ከእውነቱ ትንሽ ትንሽ ይዘዋል። የመጀመሪያው ማየር ግን ከንቲባም ተራ ገበሬም አልነበረም። የጌታው ሰው ነበር።

በመካከለኛው ዘመን ጀርመን ውስጥ አብዛኛው መሬት የመኳንንት፣ የጳጳሳትና የገዳማት ነበር። አንድ ገዳም ተበታትነው ባሉ ብዙ መንደሮች መሬት ይኖረዋል፣ አበምኔቱ ግን የሚኖረው አንድ ቦታ ነው። ታዲያ በየመንደሩ እህሉን፣ ዶሮውን፣ እንቁላሉን ማን ይሰብስብለት? ገበሬዎቹ በጌታው እርሻ ላይ በነፃ የሚሠሩባቸውን ቀኖች ማን ይቁጠር? ይህ ሰው ነው ማየር የተባለው። የሚቀመጠው ማየርሆፍ በሚሉት ትልቅ የእርሻ ግቢ ነው። ግብር ይሰበስባል፣ ሥራ ያዛል፣ በጥቃቅን ክርክሮችም ዳኛ ሆኖ ይቀመጣል። ጭቃ ሹምንና ምስለኔን አንድ ሰው ላይ ብትደርቢያቸው ከማየር ብዙ አይርቅም። ሰዎች ይወዱት ነበር ብዬ አልገምትም።

ቃሉ ከላቲኑ «ማዮር» የመጣ ነው፤ «የሚበልጥ፣ አለቃ» ማለት ነው። የፍራንክ ነገሥታት ቤተ መንግሥት አስተዳዳሪም በዚሁ ቃል «ማዮር ዶሙስ» ይባል ነበር፣ የቤቱ አለቃ እንደማለት። እነዚህ የቤት አለቆች ቀስ በቀስ ሥልጣኑን ሁሉ እጃቸው አስገብተው በ751 ከመካከላቸው አንዱ፣ ፒፒን፣ ንጉሡን ገዳም አስገብቶ ራሱ ነገሠ። የእንግሊዞቹ የከንቲባ መጠሪያም ከዚሁ ከላቲኑ ቃል ስለሚወርድ አማትሽ ከየት እንዳመጡት ይገባኛል። ጀርመን ውስጥ ግን ከንቲባ ሌላ ስም አለው፤ ማየር የከተማ ሳይሆን የገጠር ሹም ነው።

ባለቤትሽስ? እሱም የተናገረው ያገሩን ነው። ከ12ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የቆየው ሥርዓት እየፈረሰ ሄደ። ማየሮቹ ሹመቱን ከአባት ለልጅ ማስተላለፍ፣ ከግብሩም ለራሳቸው ማስቀረት ለመዱ። ጌቶቹም «በወኪል ከምንበላ በቀጥታ እናከራይ» አሉ። በዛሬዋ ታችኛው ሳክሶኒ፣ ማለትም አንቺ በምትኖሪበት አካባቢ፣ ማየር ማለት ከዚያ ወዲህ በውል ሰፊ መሬት ይዞ የሚያርስ ገበሬ ሆነ። ውሉ መጀመሪያ ለተወሰኑ ዓመታት ነበር፤ ኋላ ግን የሚወረስ ሆነ። መስፍኖቹ ራሳቸው ናቸው ይህን የገፉት፣ ለገበሬው አዝነው ግን አይደለም፤ ባለመሬቱ ገበሬውን በኪራይ ካሟጠጠው ለመስፍኑ የሚከፈል ግብር ስለማይተርፍ ነው። በብራውንሽቫይግ የማየሮች የመውረስ መብት በ1597 ጸደቀ። በሃኖቨር ደግሞ የ1833ቱ ሕግ ገበሬው ዕዳና ግዴታውን በገንዘብ ከፍሎ መሬቱን የራሱ እንዲያደርግ መንገድ ከፈተ። እስከዚያ ድረስ በየመንደሩ መዝገብ ላይ ሰዎች «ሙሉ ማየር»፣ «ግማሽ ማየር» እየተባሉ በመሬታቸው ስፋት ይመደቡ ነበር። ስለዚህ ባለቤትሽ «ገበሬ» ሲል ደህና መሬት የነበረው ገበሬ ማለቱ ነው፣ ድሃውን አይደለም።

አሁን ወደ ዝምድናው ልምጣ። በየመንደሩ ማየር ነበረ ካልን በየመንደሩ ማየር የሚባል ቤተሰብም ተፈጠረ ማለት ነው። የቤተሰብ ስም ጀርመን ውስጥ መጀመሪያ የተስፋፋው በ12ኛውና በ13ኛው መቶ ዘመን በከተሞች፣ በተለይ በራይን ወንዝ አካባቢና በደቡብ ነው። ገጠሩ ዘግይቶ ተከተለ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የክርስትና ስሙ ጥቂት፣ ሰው ግን ብዙ። ግማሹ ዮሐንስ፣ ግማሹ ሃይንሪሽ በሆነበት ከተማ ግብር ጸሐፊው የትኛው እንደከፈለ እንዴት ይወቅ? ስለዚህ ዮሐንስ ወፍጮ ቤቱ፣ ዮሐንስ አንጥረኛው፣ ዮሐንስ ማየሩ እያለ መጻፍ ጀመረ። ከጊዜ በኋላ ልጁ ሹመቱን ባይዝም መጠሪያው ቀረለት። ሙለር፣ ሽሚት፣ ሽናይደር፣ ፊሸር የሚባሉት እጅግ የበዙ ስሞች ሁሉ መንገዳቸው ይኸው ነው፤ ባለ ወፍጮ፣ አንጥረኛ፣ ልብስ ሰፊ፣ ዓሣ አጥማጅ። ከእነዚህ ስሞች አንዱን መጋራት የአንድ አያት ልጅ መሆንን አያሳይም። መሳቃቸው ለዚህ ነው፣ አትቀየሚያቸው።

አጻጻፉን በተመለከተ፣ በኛ ፊደል አራቱም ያው «ማየር» ስለሆኑ ችግሩ ከነጭራሹ አይታይም። በጀርመንኛ ግን መጀመሪያ ላይ ‹ኤ› ወይም ‹አ› ይገባል፣ ቀጥሎ ‹ኢ› ወይም ኢፕሲሎን (እንግሊዞች ‹ዋይ› የሚሉት ፊደል)፤ ሁለቱ በሁለቱ ሲባዛ አራት። ድሮ ሕግ ያለው አጻጻፍ አልነበረም። ቄሱ ወይም ጸሐፊው እንደሰማው፣ እንደለመደው፣ አንዳንዴም እንዳማረው ይጽፋል። አንድ ሰው ሲጠመቅ በአንዱ፣ ሲያገባ በሌላው፣ ሲቀበር በሦስተኛው ተጽፎ መገኘቱ ብርቅ አይደለም። ስሙ የደረቀው የመንግሥት መዝገብ ሲመጣ ነው። ፕሩሲያ በ1874፣ መላው የጀርመን ግዛት ደግሞ ከጥር 1 ቀን 1876 ጀምሮ ልደትን፣ ጋብቻንና ሞትን ሽታንደስአምት በሚሉት መሥሪያ ቤት መመዝገብ ጀመሩ። የዚያን ቀን ጸሐፊው የጻፈው እስከ ዛሬ አለ። ስለዚህ የአንድ አባት ልጆች በተለያየ ፊደል ሊቀሩ ይችላሉ፣ ምንም የማይገናኙ ሁለት ሰዎች ደግሞ ፊደል በፊደል አንድ ሊሆኑ ይችላሉ።

ያም ሆኖ ፊደሉ ስለ አገሩ ትንሽ ይናገራል። በ‹ኤ› እና በኢፕሲሎን የሚጻፈው በብዛት የሰሜን ነው፤ ታችኛው ሳክሶኒና ቬስትፋሊያ፣ ስዊዘርላንድም አለ። በ‹አ› እና በ‹ኢ› የሚጻፈው የደቡብ ነው፣ በተለይ የቩርተምበርግ ወገን። በ‹አ› እና በኢፕሲሎን ከሆነ ሽዋቢያ፣ ባየርንና ኦስትሪያ በይ። የመጨረሻዋን ‹ኤ› የዋጠ «ማይር» ካየሽ ደግሞ ባየርን ወይም ላይኛው ኦስትሪያ ብለሽ ብትገምቺ ብዙ ጊዜ አትሳሳቺም። የባየርን ገበሬ በቤቱ «ሞአር» ነው የሚለው። ዛሬም በዚያ አካባቢ በበረዶ ላይ በሚጫወቱት አይስሽቶክ በተባለው ጨዋታ የቡድኑ አለቃ «ሞአር» ይባላል። አሮጌው ሹመት በጨዋታ ሜዳ ላይ መትረፉ ደስ ይለኛል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ለኔ የዚህ ስም ጣፋጩ ታሪክ ይህ ነው። በቬስትፋሊያና በሊፐ ስሙ የሰው ሳይሆን የእርሻው ነበር። ወንድ ልጅ የሌለው ማየር ሞቶ ሴት ልጁ ግቢውን ብትወርስ፣ የሚያገባት ሰው የራሱን ስም ጥሎ የግቢውን ስም ይይዛል። እሷ ሞታ ሌላ ሚስት ቢያገባ፣ ከዚያም እሱ ሞቶ ሚስቲቱ ሌላ ባል ብታመጣ፣ ያም ባል ማየር ይሆናል። ከድሮው ማየር አንዲት ጠብታ ደም የሌላቸው ልጆች ማየር ተብለው ያድጋሉ። አንዳንዱ ሁለቱንም ስም ይዞ በመሃል «የሚባለው» የሚል ቃል ያስገባ ነበር፤ እገሌ፣ ማየር የሚባለው። ልማዱ እየከሰመ የመጣው በ19ኛው መቶ ዘመን መንግሥት ስም በዘፈቀደ እንዳይቀየር ሲያጠብቅ ነው።

ማየር ሲበዛ ደግሞ መለያ ያስፈልጋል። ታችኛው ማየር ኒደርማየር፣ ላይኛው ኦበርማየር፣ አዲሱ ኖይማየር፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ያለው ኪርሽማየር ሆነ። የጀርመኑ ፕሬዝዳንት ፍራንክ-ቫልተር ሽታይንማየር ስም ውስጥ «ሽታይን» ድንጋይ ነው፤ የተወለዱትም በዚያው በሊፐ አገር፣ በዴትሞልድ ነው።

ጥያቄ፦ ማየር የአይሁድ ስም ነው ሲባል ሰምቻለሁ። የእስራኤል ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ጎልዳ ሜየርም አሉ። እንዴት ነው ነገሩ?

መልስ፦ ሁለት የማይገናኙ ስሞች ናቸው፣ መንገድ ላይ ተጋጭተው አንድ የሆኑ። ዕብራውያን «መኢር» የሚል የወንድ ስም አላቸው፤ ከብርሃን ጋር የተያያዘ ነው፣ «የሚያበራ» እንደማለት። ጥንታዊ ስም ነው። በጀርመን አይሁድ ዘንድም እጅግ የተወደደ ነበር፤ ለዚህ አንዱ ምክንያት የሮተንበርጉ ረቢ መኢር ይመስለኛል። ይህ ታላቅ ሊቅ በ1286 አገር ጥሎ ሊወጣ ሲል ተይዞ ለንጉሥ ሩዶልፍ ተላለፈ። ንጉሡ አልዛስ ውስጥ አንሲስሃይም በተባለ ምሽግ አሰረው። ምእመናኑ ብዙ ገንዘብ ሊከፍሉ ተዘጋጁ፤ እሱ ግን፣ እንደሚተረከው፣ «ዛሬ ለኔ ከተከፈለ ነገ ሌላውን ረቢ ያስራሉ» ብሎ እንቢ አለ። በ1293 እዚያው እስር ቤት ሞተ። አስከሬኑን እንኳ ለመልቀቅ ገንዘብ ስለተጠየቀ አሥራ አራት ዓመት ቆይቶ በ1307 አሌክሳንደር ቪምፕፈን የተባለ ሰው ከፍሎ ዎርምስ አስቀበረው፤ የራሱም መቃብር ከጎኑ ነው፣ ሁለቱም ድንጋዮች ዛሬም ጎን ለጎን ይታያሉ።

አይሁድ ለረጅም ጊዜ ቋሚ የቤተሰብ ስም አልነበራቸውም፣ «የእገሌ ልጅ» ይባላሉ። መንግሥታቱ ናቸው ግብርና ውትድርና እንዲመቻቸው ብለው ያስገደዷቸው፤ ኦስትሪያ በ1787፣ ናፖሊዮን በያዘው የራይን ምዕራባዊ ዳር በ1808፣ ፕሩሲያ በ1812፣ ባየርን በ1813። ያኔ አባቱ መኢር የሆነ ሰው ማየር ብሎ ቢመዘገብ ስሙን አልተወም፣ ጎረቤቱንም አልረበሸም። ከዚህ በፊት ግን ማየር በአይሁድ ዘንድ የመጀመሪያ ስም ሆኖ ነው የሚገኘው። የፍራንክፈርቱ ባለ ባንክ ማየር አምሼል ሮትሺልድ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ማየር የራሱ ስም፣ ሮትሺልድ ደግሞ «ቀይ ጋሻ» ከተባለው የቅድመ አያቶቹ ቤት የመጣ ነው። የኦፔራ ደራሲው ጃኮሞ ማየርቤርም ሲወለድ ቤር ብቻ ነበር፤ የእናቱን አባት ስም ከፊት ቀጥሎ ነው ማየርቤር የሆነው። ጎልዳ ሜየር ደግሞ በባላቸው ስም ማየርሰን ነበሩ። በ1956 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሲሆኑ ወደ ዕብራይስጡ «መኢር» መለሱት።

ስለዚህ ስሙን ብቻ አይቶ ማንነትን መናገር አይቻልም። ናዚዎችም ይህን ያውቁት ነበር። ስም ስለማይለይላቸው በነሐሴ 1938 ባወጡት ደንብ በአይሁዳዊነት የማይታወቅ ስም ያላቸው አይሁድ ከ1939 መጀመሪያ ጀምሮ፣ ወንዱ «እስራኤል»፣ ሴቷ «ሣራ» የሚል ስም እንዲጨምሩ አስገደዱ። በዚያው ዘመን የአየር ኃይሉ አዛዥ ጎሪንግ «የጠላት አውሮፕላን ጀርመን ላይ ከበረረ ማየር በሉኝ» ብሎ ፎከረ ይባላል፤ በጀርመንኛ «ማየር በለኝ» ማለት «ይህ ከሆነ ምን አለ በሉኝ» ዓይነት ፉከራ ነው። ከተሞቹ በቦምብ መነደድ ሲጀምሩ ሕዝቡ በሹክሹክታ ማየር ይለው ጀመር። የአደጋ ማስጠንቀቂያ ደወሉንም «የማየር መለከት» አሉት። ይበለው።

ጥያቄ፦ የባለቤቴ ወገን ማየር ነው። ኢንተርኔት ላይ «የማየር ቤተሰብ ጥንታዊ አርማ» የሚሸጥ አይቼ ለልደቱ ልገዛለት አሰብኩ። ደግሞም የዘር ሐረጉን ብፈልግለት ደስ ይለዋል። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ አርማውን ተይው። አርማ የሚሰጠው ለአንድ ሰውና ለዘሩ ነው፣ ለስም አይደለም። ከማየሮች አርማ የነበራቸው ጥቂት ቤተሰቦች ናቸው። የሌላውን ሰው አርማ በፍሬም አድርጎ መስቀል የሌላውን ሰው አባት ፎቶ እንደመስቀል ነው።

የዘር ሐረጉን ግን ፈልጊለት፤ ከዛሬ ወደ ኋላ እንጂ ከድሮ ወደ ዛሬ አትምጪ። መጀመሪያ ቤተሰቡ ጋ ያሉትን ወረቀቶች ሰብስቢ። በናዚ ዘመን ብዙ ጀርመናዊ ዘሩን እንዲያስመሰክር ስለተገደደ በየቤቱ ሳጥን ውስጥ የዚያ ጊዜ የትውልድ ሰንጠረዥ ይገኛል፤ ምክንያቱ ክፉ ነበር፣ መረጃው ግን ይጠቅማል። ቀጥሎ ሽታንደስአምት ነው። የልደት መዝገብ 110፣ የጋብቻ 80፣ የሞት 30 ዓመት ካለፈው ወደ ማኅደር ቤት ስለሚዛወር ማንም ሰው ሊያየው ይችላል። ከ1876 በፊት (በፕሩሲያ ከ1874 በፊት) ያለው በቤተ ክርስቲያን መዝገብ ነው። የካቶሊኩን ማትሪኩላ በተባለው ድረ ገጽ በነፃ፣ የፕሮቴስታንቱን አርሺዮን ላይ በክፍያ ታገኚዋለሽ፤ ሁሉም ደብር ግን ገና አልገባም።

ዋናው መንደሩን ማወቅ ነው። መንደሩን ሳታውቂ «ማየር ዮሐንስ» ብለሽ ብትፈልጊ ዕድሜሽን ትጨርሻለሽ። አራቱንም አጻጻፍ ፈልጊ። በላቲን የተጻፈ መዝገብ ከሆነ «ቪሊኩስ» የሚለውንም አትለፊው፣ ማየር ማለት ነው፣ ሥራውን ይሁን ስሙን ግን ከዓረፍተ ነገሩ መለየት አለብሽ። ሴቶቹ እስከ 18ኛው መቶ ዘመን ድረስ «ማየሪን» ተብለው ሊጻፉ ይችላሉ፤ ሌላ ቤተሰብ እንዳይመስልሽ። የእጅ ጽሑፉ ኩረንት የሚባለው የድሮ ጽሕፈት ነው፣ ዛሬ ብዙ ጀርመኖችም አያነቡትም፤ ግን ይለመዳል። የብዙ መንደር መዝገብ በሠላሳው ዓመት ጦርነት፣ ከ1618 እስከ 1648፣ ስለተቃጠለ ከዚያ ወዲያ መንገዱ ቢቋረጥብሽ አትደነቂ። ቬስትፋሊያ ከደረስሽ ደግሞ ለመጀመሪያዋ አንባቢ የጻፍኩትን አስታውሺ፤ ባልየው ወደ ግቢው የገባ ይሁን ከግቢው የተወለደ ካላጣራሽ የሌላ ሰው አያቶች ትሰበስቢያለሽ።

ጥያቄ፦ በቅርቡ ከአንድ ማየር ጋር እጋባለሁ። ስሙን የመውሰድ ግዴታ አለብኝ? እኔ የራሴን መተው አልፈልግም፣ እሱ ደግሞ «ማየር እንደሆነ በዝቷል፣ እኔም ብቀይረው አይከፋኝም» እያለ ይቀልዳል።

መልስ፦ እንኳን ደስ አለሽ። ግዴታ የለብሽም። ድሮ ሚስት የባሏን ስም መውሰዷ ሕግ ነበር። በ1976 የወጣው ሕግ የሚስቲቱን ስም የጋራ ማድረግን ፈቀደ፣ ካልተስማሙ ግን አሁንም የባል ስም ያሸንፍ ነበር። የሕገ መንግሥቱ ፍርድ ቤት ይህን በ1991 እኩልነትን ይጥሳል ብሎ ሻረው። ከ1994 ጀምሮ ሁለቱም የየራሳቸውን ይዘው መኖር ይችላሉ። ከግንቦት 1 ቀን 2025 ወዲህ ደግሞ ሌላ ምርጫ መጣ፤ ሁለታችሁም ጥምር ስም፣ ያንቺንና የሱን አንድ ላይ፣ በሰረዝም ሆነ ያለ ሰረዝ የጋራ ስማችሁ አድርጋችሁ መያዝ ትችላላችሁ፣ ልጆቻችሁም ይወርሱታል። ከዚያ ቀን በፊት የተጋቡትም ወደ ጥምር ስም መግባት ይችላሉ። ምንም ካልመረጣችሁ የየራሳችሁ ስም ይቀጥላል። የጋራ ስም በኋላም መምረጥ ይቻላል፤ አንዴ ከመረጣችሁ በኋላ ግን ወደ ኋላ መመለስ ከባድ ስለሆነ ተነጋገሩበት።

የሱ ቀልድ ግን ቀልድ ብቻ አይደለም። ጀርመን ውስጥ ስም መቀየር በቂ ምክንያት ይፈልጋል፣ «አልወደድኩትም» አይበቃም። ሆኖም ባለሥልጣናቱ በሚመሩበት ደንብ ላይ ስሙ እጅግ ከመብዛቱ የተነሣ ሰው ከሰው የማይለይ ከሆነ ለመቀየር ምክንያት ይሆናል ተብሏል። በምሳሌነት በስም ከተጠቀሱት ውስጥ ሙለር፣ ሽሚት፣ ሹልትስ አሉ፤ ማየርም አለበት። ስለዚህ እጮኛሽ ከምሩ ከሆነ ማመልከት ይችላል። እኔ ብሆን ግን መጀመሪያ ያንቺን ስም እንዲወስድ ነበር የምጠይቀው፤ ይህ ሽታንደስአምት ውስጥ በአንድ ፊርማ ያልቃል፣ ያኛው ግን ማስረጃ፣ ክፍያና ወራት የሚፈጅ ጥበቃ አለው።